ጠብቆና ላልቶ

ማግነስ ታሎክ ይባላል፤ ሰባ አንድ ነው ዓመቱ፤
የጎልፍ ዱላ ከያዘ ሁለተኛ ሳምንቱ።
ስኮትላንድ፣ ፋይፍ ዳርቻ፣ ከወደቡ በላይ፣
ሣሩ በጨው ነፋስ ተላጭቶ የሚታይ፣
ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ጠባብ ሜዳ አለ፤
ስንቱ ሰው ለባሕር በኳስ ግብር ከፈለ።

አርባ ዓመት ጎትቷል መረብና ገመድ፣
ውርጭ ያቆረፈደው፣ እንደ እሳት የሚያነድ።
ሞገድ ቢያናውጥህ፣ ጣትህ ቢደነዝዝ፣
እዚያ ሕጉ አንድ ነው፦ የጨበጥከውን ያዝ።
የለቀቀው ሰው ስም፣ ወደቡ አጠገብ፣
ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው፣ በተርታ ሲነበብ፤
ልጆች አይስክሬም እየላሱ ይደገፉታል።

እናም ዛሬ ዱላውን እንደዚያ ያንቀዋል፤
አንጓው ነጭ እስኪሆን፣ ጅማቱ እስኪገተር፣
ክንዱ እስከ ትከሻው ደርቆ እንጨት እስኪመስል።
ይመታል። ኳሷም ትነሣለች ቀጥ ብላ፣
መኻል ላይ ግን ሐሳቧን ትቀይራለች፤
ወደ ቀኝ ታጥፋ፣ በዓለቱ ላይ ዘላ፣
ከባሕር ወፎች መኻል ጠብ ትላለች።
ነፋሱ ሞኝ አይደል፤ ቆሞ ተመለከተው፣
አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው።

ሮና ቤርድ ናት መምህሩ፤ የሞተር ጠጋኝ ልጅ፤
ስልሳን አልፋለች፤
ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን ታውቃለች፣ በሰው እጅ።
«ከግራ እጅህ ስንት አንጓ ይታይሃል?»
«አንድ።»
«አዙረው። ሁለት ይታይህ። ብርድ ሲሆን ሁለት ተኩል።
አውራ ጣትህና ሌባ ጣትህ የሠሩት ስንጥቅ
ወደ ቀኝ ትከሻህ ያመልክት፤ ወደ አገጭህ አይደለም።
በመዳፍህ አትያዘው፤ ጣቶችህ ሥር ይተኛ።
እጅህ የዞረውን ያህል የዱላው ፊት ይዞራል፤
የዱላው ፊት ወዳየበት ኳሷ ትሄዳለች።
ወገብህን ተወው፤ ጉልበትህንም ተወው፤
እነሱ ወሬ የሚሰሙት ከእጅህ ነው።»

ችግሩ ግን ከዚህም ይጠልቅ ነበር።
የግራ እጁ ትንሿ ጣት የለችም፤
በአንድ የጥር ንጋት የገመድ መጠቅለያው በላት፤
አልተፋትም።
የዱላውን ጫፍ የሚሸከሙት ሦስት ጣቶች ናቸው፤
እሱ ጋ ሁለት ናቸው። ሁለቱ ለሦስት ይሠራሉ፤
ሮና መዳፉን ገልጣ ብዙ ቆየች።
«ዱላውን የሚያንቀው» አለች፣ «የሌለችው ናት።»
ማግነስ አልሳቀም።

የኔ ቋንቋ ይህን ያውቀዋል። ፊደሉ ያው ነው፤
ሲጠብቅ ሌላ ነው፣ ሲላላም ሌላ ነው።
«ዋና» ብዬ ብጽፍ፣ አጥብቆ ላነበበው ቁም ነገር፤
አላልቶ ላነበበው ክንድና ባሕር።
ምልክት የለውም፤ አፍ ነው የሚለየው።
ይኸው አንድ ሰው፣ ዕድሜውን በሙሉ
አጥብቆ ብቻ ያነበበው።

«አንድ ጣት ያህል ዝቅ አድርገህ ያዝ» አለችው፤
«ጫፉን ተውላት። የሷ ድርሻ ይሁን።
ባሕሩ ጸጥ ባለ ቀን፣ ወደብ ስትገባ፣
የጀልባህን መሪ እንዴት ነበር የምትይዘው?»
«በሁለት ጣት።»
«በል፣ እንደዚያ።»

አንጓው ታጠፈ፤ ዱላው ሄደ፣ ተመለሰ፤
የመምታቱ ድምፅ ከወትሮው አነሰ።
ኳሷም ወደ ቀኝ ልትታጠፍ ያሰበች መስላ፣
ሐሳቧን ትታ ወረደች፣ ከባንዲራው ኋላ።
እሱ ኳሷን አላየም። እጁን ነበር የሚያየው።

ቀጣይዋ ባሕር ገባች። ከሷ ቀጥሎም ሁለት።
ሲመሽ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ እጇን ጨበጣት፤
እንደ ገመድ ጨበጣት።
ሮና ጣቶቿን ከጀርባዋ ደብቃ አራገፈቻቸው፤
«ገና ነው» አለች፣ ለራሷ።

አንባቢ ሆይ፣ አላልተህ አንብበው።